ከፍ ያለው ዋጋ ወይስ የተሻለው ውል? ቤት ስትሸጡም ስትገዙም ምርጫውን እንዴት ታመዛዝናላችሁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤተሰባችንን ቤት ልንሸጥ ስንል በአንድ ሳምንት ሁለት ገዢ መጣ። አንደኛው የጠየቅነውን ዋጋ ሙሉውን እከፍላለሁ አለ፤ ብድሩ ግን ገና አልተፈቀደለትም፣ የሚኖርበትንም ቤት መጀመሪያ መሸጥ ነበረበት። ሁለተኛዋ ከዋጋው 4 በመቶ ቀንሳ፣ ገንዘቧ በእጇ ነበርና በ3 ሳምንት ውስጥ ልፈርም አለች። ተሰብስበን ለመወሰን አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። ትልቁን ቁጥር መረጥን። ሦስት ወር ጠበቅን። የሰውየው ቤት አልተሸጠም፣ ብድሩም ቀረ። ወደ ሴትየዋ ስንደውል ሌላ ቤት ገዝታ ገብታለች። በመጨረሻ የሸጥነው እሷ ከሰጠችን ዋጋ በታች ነው፤ ያውም በእነዚያ ወራት ሁሉ የሁለት ቤት ወጪ ስንከፍል ከርመን።

የቤት ድርድር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዋጋ ነው። ዋጋ ግን ከውሉ አንዱ መስመር ነው። ገንዘቡ መቼ ነው የሚገባው? መግባቱስ ምን ያህል እርግጥ ነው? ነገሩ ቢፈርስ ማን ይጎዳል? ጉድለት ቢገኝ የማን ዕዳ ነው? ቁልፉ መቼ ይሰጣል? እያንዳንዱ ጥያቄ በገንዘብ ሊተመን ይችላል። ስለዚህ ከታች አማራጮቹን ጎን ለጎን እያስቀመጥኩ፣ እኔ ብሆን የቱን መቼ እንደምመርጥ በግልጽ እናገራለሁ።

ለሻጭ፦ ብዙ ግን ቆይቶ፣ ወይስ አነስ ያለ ግን አሁን?

ሁለት ገዢ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የሁለቱንም ገንዘብ ወደ ዛሬ አምጡት። የዛሬ ገንዘብና የከርሞ ገንዘብ እኩል አይደሉም። አንዱ ገዢ 100 በአንዴ ይከፍላል እንበል። ሌላው 106 ይሰጣል፣ ግን በ12 ወር እኩል እየከፋፈለ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ከወር በኋላ ጀምሮ። ስታዩት 6 ትርፍ አለው። ገንዘባችሁ በእጃችሁ ቢሆን በወር 1 በመቶ የሚያስገኝላችሁ ከሆነ ግን የዚያ 106 የዛሬ ዋጋ 99.4 ገደማ ብቻ ነው። ትንሹ ቁጥር በለጠ ማለት ነው። ይኸው ሁለተኛ ገዢ 30ውን ዛሬ ከፍሎ የቀረውን 76 ቢከፋፍል ሒሳቡ ወደ 101.3 ይወጣል። አሁን እሱ ይሻላል፣ ግን በ1.3 ብቻ። ለዚያች 1.3 ዓመቱን ሙሉ “ይከፍለኝ ይሆን?” እያላችሁ መኖር ትፈልጋላችሁ ወይ ነው ጥያቄው። የዋጋ ንረት በበረታበት ዘመን ደግሞ በክፍያ የሚመጣ ገንዘብ ከዚህም በላይ ይሳሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው እርግጠኝነት ነው። በብድር የሚገዛ ሰው መጥፎ ገዢ አይደለም፣ አብዛኛው ሰው የሚገዛው እንደዚያ ነው። ግን “ይፈቀድልኛል” እና “ተፈቅዶልኛል” የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ከባንኩ የተጻፈ ነገር ጠይቁ። ቅድመ ክፍያውንስ በእጁ ይዟል? አንድ ብዙ ሻጭ የሚዘነጋው ነገር አለ፦ ባንክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበድረው የራሱ ገምጋሚ ካወጣው ግምትና እናንተ ከተስማማችሁበት ዋጋ ዝቅ ያለውን ይዞ ነው። ገዢው 100 ብሎ ገምጋሚው 92 ቢል፣ የጎደለውን ከየት ያመጣዋል? ይህን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁት። ሲጠየቅ ዝም የሚል ገዢ፣ ገምጋሚው ከመጣ በኋላ “ዋጋ ቀንሱልኝ” ብሎ እንደሚመለስ ጠርጥሩ።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ልዩነቱ 3 ወይም 4 በመቶ ከሆነና ትንሹን የሚሰጠው ገንዘቡን በእጁ ይዞ ከመጣ፣ እሱን እመርጣለሁ። ልዩነቱ ከዚያ ከሰፋ ባለብድሩን አልገፋውም፣ ግን ነፃ ጊዜም አልሰጠውም። 30 ቀን ገደብ፣ ጠንከር ያለ ቀብድ፣ እና አንድ አንቀጽ፦ ቤቱን ለሌላ ሰው ማሳየቴን እቀጥላለሁ፣ ሌላ ገዢ ከመጣ በ3 ቀን ውስጥ “ብድሩ ተፈቀደም አልተፈቀደም እገዛለሁ” ትላለህ ወይም ትለቃለህ። እኛ ያኔ ይህችን አንቀጽ ብናስገባ ኖሮ ሴትየዋ አታመልጠንም ነበር። ቤቱ ባዶ ከሆነ፣ ዕዳ ከሌለበት፣ እናንተም ካልቸኮላችሁ ግን መጠበቅ ብዙ አይጎዳም፤ ያኔ ትልቁን ዋጋ ተከተሉ።

ለገዢ፦ ጉድለት ሲገኝ ዋጋ ይቀነስ፣ ሻጩ ያድስ፣ ወይስ ገንዘብ ይያዝ?

ቤቱን በባለሙያ አስፈተሻችሁ፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ የመብራት ገመዱ አርጅቷል። አሁን ሦስት መንገድ አለ። ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን የመጣለትን ይይዛል፣ ምርጫው ግን በኪሳችሁ ሁኔታ ይወሰናል።

ሻጩ ያድስልኝ ማለት ቀላል ይመስላል። ግን አስቡት፦ ሊወጣ ሻንጣውን የያዘ ሰው ነው የሚያድሰው። በርካሹ ሠራተኛ፣ በቶሎው፣ ለዓይን በሚበቃ ልክ ነው የሚያሠራው፤ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ክረምቱ ሲመጣ ጣሪያው ሥር የምታድሩት እናንተ ስለሆናችሁ። ይህን የምመርጠው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ባንኩ ካልታደሰ አላበድርም ሲል። ያኔም ሥራው ፈቃድ ባለው ባለሙያ እንዲሠራ፣ ደረሰኙና ዋስትናው ለኔ እንዲተላለፍ፣ ከርክክቡ በፊትም እንደገና እንዲፈተሽ አጽፋለሁ።

ዋጋ ማስቀነስ ሥልጣኑን ወደ እናንተ ያመጣዋል። በፈለጋችሁት ሰው፣ በፈለጋችሁት ጥራት ታሠራላችሁ። ግን በብድር ለሚገዛ ሰው አንድ ወጥመድ አለው፣ እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ቤቱ 100 ነው፣ 80ውን ባንክ ይሰጣል እንበል። ሻጩ 3 ቀነሰላችሁ። ከኪሳችሁ የሚወጣው ቅድመ ክፍያ የቀነሰው በ0.6 ብቻ ነው፤ የቀረው 2.4 ከብድሩ ላይ ተቀንሶ ለዓመታት በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ነው የምታገኙት። ጣሪያው ግን 3ቱን የሚፈልገው ዛሬ ነው። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ያጠራችሁ ከሆነ ዋጋ ከማስቀነስ ይልቅ ሻጩ የናንተን የውልና የስም ዝውውር ወጪ እንዲሸፍን ጠይቁ። ለሻጩ ያው 3 ነው። ለናንተ ግን ዛሬ በእጃችሁ የሚቀር 3 ነው። አበዳሪዎች በዚህ ላይ ገደብ ሊያደርጉ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ ባንካችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛው መንገድ ከዋጋው የተወሰነ ክፍል ገለልተኛ በሆነ ሦስተኛ ወገን እጅ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሥራው ሲያልቅ ይለቀቃል። ይህ የሚያዋጣው የጉዳቱ ልክ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ግድግዳው ካልተከፈተ ቧንቧው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ሻጩ “ትንሽ ነው” ይላል፣ እናንተ “ትልቅ ነው” ትላላችሁ። ተከራክራችሁ አትጨርሱትም። ገንዘቡ ይያዝ፣ ግድግዳው ይከፈት፣ ሒሳቡ ራሱ ይናገር።

የቱንም ብትመርጡ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። “ቤቱ ብዙ ችግር አለበት” የሚል ገዢ ሻጩን ያስቆጣል እንጂ አያሳምንም፤ ሰው ልጆቹን ያሳደገበትን ቤት ሲያጣጥሉበት ይከፋዋል። “የጣሪያው ሥራ ይህን ያህል ይፈጃል፣ የሁለት ባለሙያ ዋጋ ይኸውና” የሚል ግን ይደመጣል። ደግሞ ሠላሳ ጉድለት ዘርዝራችሁ አትቅረቡ። የላላ እጀታና የተላጠ ቀለም ትታችሁ ገንዘብ የሚበሉትን ሦስቱን ያዙ።

ዋጋው ይውረድ ወይስ ወለዱ?

አንዳንድ ሻጭ፣ በተለይ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ድርጅት፣ ዋጋ ከሚቀንስ ወለዱን ቢያስቀንስላችሁ ይመርጣል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣ ሒሳቡን ሥሩ። 1 ሚሊዮን ብድር በ20 ዓመት፣ በ13 በመቶ ወለድ፣ ወርሃዊ ክፍያው 11,716 ገደማ ነው። ወለዱ ወደ 12 ቢወርድ 11,011 ይሆናል። አንዲት ነጥብ ወለድ ብድሩን በ6 በመቶ የመቀነስ ያህል ወርሃዊውን ታቀላለች ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩ 2 በመቶ ዋጋ ልቀንስ ወይስ የብድሩ ዘመን እስኪያልቅ ወለዱን በ1 ነጥብ ላስወርድ ቢላችሁ፣ ለረጅም ዓመት ለምትኖሩበት ቤት ወለዱን ውሰዱ። ቅናሹ ለመጀመሪያው ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ብቻ የሆነ እንደሆነ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፤ በየወሩ የሚተርፈውን በወራቱ ቁጥር አባዙና ከዋጋ ቅናሹ ጋር አስተያዩት።

በቶሎ ልትሸጡት ወይም ብድሩን ቀድማችሁ ልትዘጉ ካሰባችሁም ነገሩ ይገለበጣል። ከላይ ባለው ምሳሌ፣ 1 ሚሊዮን በ12 በመቶ የተበደረና 940 ሺህ በ13 በመቶ የተበደረ ሰው በየወሩ የሚከፍሉት እኩል ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ግን የሁለተኛው ቀሪ ዕዳ ወደ 53 ሺህ ገደማ ያንሳል። ወርሃዊ ክፍያ ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው ይህን አያየውም።

ፍተሻውን ልተወው ወይስ ልያዘው?

ገዢ ሲበዛ ደላላውም ሻጩም “ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ከገዛህ ላንተ ነው” ይላሉ። ገዢው ይፈራል፣ ፍተሻውን ይተዋል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በፍጹም አትተዉ አልልም፣ ግን ከመተው የሚሻሉ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው፣ ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት ባለሙያ ይዛችሁ መሄድ፤ ለፍተሻው ትከፍላላችሁ፣ ቤቱን ላታገኙት ትችላላችሁ፣ ግን ስትቀርቡ “ቅድመ ሁኔታ የለኝም” ማለት ትችላላችሁ፣ ያውም ከልባችሁ። ሁለተኛው፣ ቅድመ ሁኔታውን ማጥበብ፦ ለጥቃቅኑ አልመለስም፣ ነገር ግን ከዚህን ያህል ገንዘብ በላይ የሚያስወጣ የመሠረት፣ የጣሪያ ወይም የውኃ መስመር ጉዳት ከተገኘ እለቃለሁ። አብዛኛው ሻጭ የሚፈራው በትንሽ በትልቁ መጨቃጨቁን ስለሆነ ይህን ይቀበላል።

የብድር ቅድመ ሁኔታን መተው ደግሞ ገንዘቡ በሌላ መንገድ ለሌለው ሰው ከሁለት ያጣ መሆን ነው፤ ብድሩ ከቀረ ቤቱም የለም፣ ቀብዱም የለም። የባለቤትነት ማጣራት ግን ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ሻጩ ባለቤት ነው? ቤቱ ለዕዳ ተይዟል? እገዳ አለበት? የትዳር ጓደኛው ወይም ሌላ ወራሽ መፈረም አለበት? ይህን የሚመለከተው መዝገብ ቤት ሄዳችሁ፣ በራሳችሁ ወይም በራሳችሁ ጠበቃ አጣሩ። ሻጩ ያመጣውን ኮፒ አይታችሁ አትመለሱ።

ቀብድ፦ ትንሽ ወይስ ብዙ?

ለገዢ ትልቅ ቀብድ ጉልበት ነው፣ አደጋም ነው። ሻጩ “ይህ ሰው የምሩን ነው” ይላል፣ ከዋጋም ሊቀንስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የሚቀረው እሱ ነው። የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የኢትዮጵያ ሕግን ጨምሮ በብዙ አገሮች ሕግ ቀብድ የሰጠ ወገን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ወገን ሲያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ ሻጩ የተሻለ ዋጋ ቢመጣለት እንዳይከዳችሁ ከፈለጋችሁ ትንሿ ቀብድ አትከላከልላችሁም።

የኔ ምርጫ፦ መጠኑ ላይ ለጋስ፣ አያያዙ ላይ ጠንቃቃ መሆን። ገንዘቡ በሻጩ ኪስ ሳይሆን በሦስተኛ ወገን እጅ ወይም በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ። መቼ እንደሚመለስ በውሉ ይጻፍ፦ ብድር ከተከለከልኩ፣ የባለቤትነት ችግር ከተገኘ፣ ፍተሻው ከተባለው በላይ ጉዳት ካሳየ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ቁጥር ማን ይጥራ? ቀድሞ መጥራት ወይስ መጠበቅ?

“ቀድሞ ዋጋ የጠራ ተበላ” ሲባል ኖሯል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 የታተመ የኖርዝክራፍትና የኒል ጥናት አለ። በአሜሪካ አሪዞና ተማሪዎችንና የቤት ደላሎችን አንድ ቤት አስጎበኟቸው፤ ሁሉም ያዩት ቤት አንድ ሆኖ ሳለ የተነገራቸው የመሸጫ ዋጋ ግን የተለያየ ነበር። ከፍ ያለ ዋጋ የተነገራቸው ለቤቱ ከፍ ያለ ግምት ሰጡ፣ ዝቅ ያለ የተነገራቸው ዝቅ አደረጉ። ሥራቸው የሆኑት ደላሎችም ከዚህ አላመለጡም፤ አብዛኞቹ ግን የተነገራቸውን ዋጋ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር ያሉት። የመጀመሪያው ቁጥር መልሕቅ ነው፣ ሁሉም በዙሪያው ይንሳፈፋል።

እንግዲህ የአካባቢውን የቅርብ ጊዜ ሽያጭ አጥንታችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ጥሩ። ካላጠናችሁ ጠብቁ፣ ግን ስትጠብቁ የራሳችሁን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት፤ የሻጩ ቁጥር እንዳይጎትታችሁ። ገዢ ሆናችሁ ስታቀርቡም በሳቅ የሚያስወጣ ዋጋ አትጥሩ። ዝቅ በሉ፣ ግን ምክንያት ያለው ዝቅታ ይሁን።

ለሻጭ ሌላ መልሕቅ አለ፣ እሱም የገዛበት ዋጋ ነው። ጄኔሶቭና ሜየር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት የቦስተን ጥናት፣ ገበያው ወርዶ በኪሳራ ሊሸጡ የተቃረቡ ባለቤቶች ከሌሎቹ ከፍ ያለ ዋጋ እንደሚጠይቁና ቤታቸውም ገበያ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ አሳይተዋል። ስሜቱ ይገባኛል፣ እኔም ተሰምቶኛል። ገዢው ግን የሚያወዳድረው ጎረቤት ካለው ቤት ጋር ነው እንጂ እናንተ ከከፈላችሁት ጋር አይደለም።

በደላላ ወይስ በራስ?

ደላላ ገዢ ያመጣል፣ ገበያውን ያውቃል፣ ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን ያስታርቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሱና የናንተ ጥቅም በሁሉም ቦታ አይገጥምም። ኮሚሽኑ 3 በመቶ ቢሆን፣ አንድ ወር ጠብቃችሁ የምታገኙት ተጨማሪ 10 ለሱ 0.3 ብቻ ነው። ለሱ ዛሬ መዘጋቱ ይሻለዋል። ሌቪትና ሲቨርሰን በ2008 ባሳተሙት ጥናት በቺካጎና በዙሪያዋ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የቤት ሽያጮችን አይተው፣ ደላሎች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ተመሳሳይ ከሆነው የደንበኛ ቤት በ3.7 በመቶ ገደማ አስበልጠው እንደሚሸጡ፣ ገበያ ላይም 9.5 ቀን ያህል አስረዝመው እንደሚያቆዩት አግኝተዋል። ለራሳቸው ይጠብቃሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ጊዜ ካጣችሁ፣ ፊት ለፊት መከራከር ከከበዳችሁ፣ ወይም ገበያውን ካላወቃችሁት በደላላ ሂዱ። ግን የመጨረሻ ዋጋችሁን አትንገሩት። “እስከ ስንት ትወርዳላችሁ?” ሲላችሁ “የቀረበውን አምጣልን፣ እናየዋለን” በሉ። ለሁለቱም ወገን የሚሠራ ደላላ ከሆነ ደግሞ ይህ ግዴታ ነው። ገዢው ዘመድ ወይም ጎረቤት ሆኖ በራሱ ከመጣ ለማገናኘት መክፈል አያስፈልግም፤ ያን ገንዘብ ለጠበቃ ስጡት።

የርክክብ ቀን ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያነሳው ነገር ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ እጠይቃለሁ። ልጆቹ ትምህርት እስኪጨርሱ መቆየት የሚፈልግ ሻጭ ለሁለት ወር ቆይታ ከዋጋው ሊቀንስ ይችላል፤ ለናንተ ምንም የማያስወጣችሁ ከሆነ በነፃ አትልቀቁት። ያለፈው ውኃ፣ መብራትና ግብር የማን እንደሆነ፣ የተገጠመው ቁም ሳጥንና የውኃ ታንከር ከቤቱ ጋር እንደሚቀር በዝርዝር ጻፉ። በነዚህ ጥቃቅን ነገሮች በርክክቡ ዕለት የተጣሉ ሰዎች አይቻለሁ።

ሁለተኛውን ቤት ስገዛ ሻጩ አዛውንት ነበሩ። ዋጋው ላይ አልተግባባንም፣ በ2 በመቶ ተለያየን፣ ሁለታችንም ደከመን። ከዚያ “አባባ፣ መቼ ነው መውጣት የሚመችዎት?” ብዬ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ከውጭ እስክትመጣ አራት ወር ይፈልጉ ነበር፣ ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ የተከራየሁት ቤት ውል የሚያልቀው ከአምስት ወር በኋላ ነበር። አራቱን ወር ያለ ኪራይ እንዲቆዩ ጻፍን፣ 2 በመቶውን ተዉልኝ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈረምን።